ኤስኤቲ ላይ የፐርሰንት ጥያቄ ለምን ሁለት መልስ እንደሚያወጣልሽ

ሰላም እህቴ፣ መልሱ ስለዘገየብሽ ይቅርታ፣ ሰሞኑን ልጆቼ (ተማሪዎቼን ማለቴ ነው) ፈተና ላይ ስለሆኑ ስልክ የምይዘው ማታ ማታ ብቻ ነው። ሌላም ሰው ቢያነበው እንዲገባው ያልሽውን ባጭሩ ልድገመው፦ ከአዲስ አበባ ከመጣሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል፣ ሜሪላንድ 11ኛ ክፍል ነሽ፣ ለኤስኤቲ (ለአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ የሚያገለግለው ፈተና) እየተዘጋጀሽ ነው፣ አልጀብራው ብቻውን ሲመጣ አይከብድሽም፣ ፐርሰንት ያለበት በወሬ መልክ የተጻፈ ጥያቄ ሲመጣ ግን "ሁሌ ሁለት መልስ ይወጣልኛል፣ ሁለቱም ምርጫው ውስጥ አለ፣ እኔ ደግሞ ሁሌ የተሳሳተውን ነው የምመርጠው" ብለሻል፣ የተሳሳትሻቸውን ሦስት ጥያቄዎችም ልከሻል። እውነቴን ነው በጣም ነው የሳቅኩት፣ ምክንያቱም የተሳሳተው መልስ ምርጫው ውስጥ የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም፣ ጥያቄውን የሚያወጡት ሰዎች ተማሪው የት ጋ እንደሚሳሳት ስለሚያውቁ ስህተቱን ራሱ ሰርተው ቁጥሩን ምርጫ አድርገው ያስቀምጡታል። ስለዚህ "መልሴ ምርጫው ውስጥ አለ" ማለት ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

ሂሳቡ አይደለም የቸገረሽ። የላክሽውን ስሌት አይቼዋለሁ፣ ማባዛትሽም ማካፈልሽም ልክ ነው። የምትስቺው ከዛ በፊት ነው፣ ፐርሰንቱ የማን እንደሆነ ሳትጠይቂ ወደ ስሌት ትገቢያለሽ። 20 ፐርሰንት ስንት ነው ብልሽ መልስ የለሽም አይደል? የማን 20 ፐርሰንት ትይኛለሽ። ፈተናው ላይ ግን ይቺን ትረሺያታለሽ፣ ዓይንሽ ቁጥር ሲያይ እጅሽ ካልኩሌተር ላይ ነው።

የመጀመሪያዋን ጥያቄሽን እንያት። ኤክስ ከዋይ በ25 ፐርሰንት ይበልጣል፣ ዋይስ ከኤክስ በስንት ፐርሰንት ያንሳል? አንቺ 25 አልሽ። በ25 ከበለጠ በ25 ያንሳል፣ ጆሮ ላይ ልክ ይመስላል፣ ወንድሜ ከኔ በሦስት ዓመት ከበለጠ እኔ ከሱ በሦስት ዓመት አንሳለሁ እንደምንለው ማለት ነው። ግን ዓመት ለሁለታችንም አንድ ዓመት ነው፣ ፐርሰንት ግን ባለቤቱ ሲቀየር መጠኑም ይቀየራል። ዋይ 100 ይሁን፣ ኤክስ 125 ሆነ። ልዩነቱ 25 ነው፣ እሱ አልተቀየረም። ከኤክስ በስንት ፐርሰንት ያንሳል ሲልሽ ግን 25ን የምታካፍይው ለ125 ነው እንጂ ለ100 አይደለም፣ 25 ለ125 ሲካፈል 0.2፣ መልሱ 20።

አሁን ብዙ አስተማሪ የማይነግርሽን ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ አማርኛሽ ከእንግሊዝኛው በጣም ይረዳሻል። አማርኛ የፐርሰንቱን ባለቤት ምልክት ይለጥፍበታል። "ከዋይ በ25 ፐርሰንት ይበልጣል" ስትይ "ከ" የተለጠፈበት ዋይ ነው፣ ባለቤቱም እሱ ነው፣ 100 ፐርሰንት የሚባለው ዋይ ነው። "ከተማሪዎቹ 40 ፐርሰንቱ" ስትይም "ከ" ተማሪዎቹ ላይ ነው። "ከ80 ወደ 100 ወጣ" ስትይም ባለቤቱ 80 ነው። "የዋይ 40 ፐርሰንት" ካልሽ ደግሞ "የ" አለችልሽ። እንግሊዝኛው ይሄን ስራ የሚሰራው "ኦፍ" እና "ዛን" በሚሉት ቃላት ነው፣ ከነሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው ባለቤቱ፣ ግን ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ሲሆን ይጠፋሉ፣ አንዳንዴም ጥያቄው ከመጨረሻው ጀምሮ ይመጣና "48 የሚሆነው ከየትኛው ቁጥር በ20 ፐርሰንት ሲያንስ ነው" ዓይነት ነገር ይሆናል፣ ያኔ ባለቤቱ የማይታወቀው ነው፣ 48 አይደለም። ወደ አማርኛ ስትመልሺው ግን "ከየትኛው ቁጥር" የሚለው ይጮህልሻል፣ 0.8 ኤክስ = 48፣ ኤክስ 60። የ48ን 20 ፐርሰንት አስልታ የጨመረች ልጅ 57.6 ነው የምታገኘው፣ እሱም ምርጫው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

ፈተና ላይ ሆኜ ልተርጉም እንዴ ጊዜው የታለ እንዳትይኝ። የሂሳቡ ክፍል 44 ጥያቄ ነው፣ በሁለት ሞጁል ተከፍሎ እያንዳንዱ 22 ጥያቄ በ35 ደቂቃ፣ ለአንዱ ጥያቄ ወደ 95 ሰከንድ ይደርስሻል ማለት ነው። ሙሉውን ተርጉሚ አላልኩሽም፣ ባለቤቱን ብቻ ፈልገሽ ከፐርሰንቱ ጎን በወረቀትሽ ላይ "የዋይ" ብለሽ ጻፊ፣ በአማርኛ፣ ማንም አያይብሽም፣ ሦስት ሰከንድ ነው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ያፍራሉ ከዛ ይለምዱታል።

ምልክቷ የምትጠፋበት ቦታ ግን አለ፣ እሱን ተጠንቀቂ። "ዋጋው በ20 ፐርሰንት ቀነሰ" ሲል "ከ" የለችም፣ የተደበቀ ቃል አለ፣ "ከነበረበት"። ጥያቄው "መጀመሪያ በ20 ቀነሰ ከዛ እንደገና በ20 ጨመረ" ካለሽ የመጀመሪያው ከድሮው ዋጋ ነው ሁለተኛው ግን ከቀነሰው ዋጋ ነው፣ ተመልሶ 100 አይሆንም፣ 96 ነው። እኔ ራሴ አሜሪካ እንደመጣሁ አካባቢ አንድ ሱቅ ጫማ ላይ 40 ፐርሰንት ቅናሽ ተለጥፎ ካሸሩ ጋ ደግሞ ተጨማሪ 20 ፐርሰንት ይላል፣ የ100 ዶላር ጫማ ይዤ በ40 ልገዛ ነው ብዬ ሁለት ሃያ ዶላር ቆጥሬ እጄ ላይ ይዤ ተሰለፍኩ፣ ልጅቷ 48 ከነታክሱ ደግሞ ከ50 በላይ አለችኝ። አገር ቤት ሂሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ ቆሜ ልከራከራት ነበር እኮ። ሁለተኛው 20 ከ60ው ላይ ነው የሚቆረጠው፣ 60 ሲባዛ በ0.8። እናም አትፈሪ፣ ይሄ ነገር መምህሩንም ይጥለዋል።

ሁለተኛዋ ጥያቄሽ የዚሁ ዘመድ ናት። ጃኬት በ20 ፐርሰንት ቅናሽ ተሸጠ፣ በቅናሹ ዋጋ ላይ 6 ፐርሰንት ታክስ ተጨመረበት (6 የሜሪላንድ ሴልስ ታክስ ነው፣ ደረሰኝሽ ላይ ታይዋለሽ)፣ ገዢው 63.60 ዶላር ከፈለ፣ የመጀመሪያ ዋጋው ስንት ነበር? አንቺ ወደ ኋላ ለመሄድ ብለሽ ከ63.60 ላይ 6 ፐርሰንት ቀነስሽ፣ ከዛ 20 ፐርሰንት ጨመርሽ፣ 71.74 ወጣልሽ። ሃሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ታክሱ የ63.60 አይደለም፣ ታክሱ ሳይገባ በፊት የነበረው ዋጋ 6 ፐርሰንት ነው፣ ቅናሹም ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ የተቆረጠ ነው፣ አንቺ ሁለቱንም ባለቤት ቀየርሻቸው። እኔ ወደ ኋላ መሄድ ብዙም አልወድም። ወደፊት ሂጂ፣ ኤክስ የመጀመሪያው ዋጋ ነው በይ፣ ኤክስ × 0.8 × 1.06 = 63.60፣ 0.8 በ1.06 ሲባዛ 0.848፣ 63.60 ለ0.848 ሲካፈል 75። የግድ ወደ ኋላ መሄድ ካለብሽ የተባዛውን አካፍዪ እንጂ ፐርሰንት አትቀንሺ፣ 63.60 ለ1.06 ሲካፈል 60፣ 60 ለ0.8 ሲካፈል 75።

ይሄ ስህተት አገር ቤትም የታወቀ ነው። ቫት 15 ፐርሰንት ነው አይደል፣ ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር የሚል ደረሰኝ አሳይቼ ከዚህ ውስጥ ቫቱ ስንት ነው ስል ክፍሉ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ 172.50 ይሉኝ ነበር፣ 1,150 በ0.15 አባዝተው። ቫቱ 150 ነው፣ ምክንያቱም 15ቱ የ1,000 ነው።

አሁን ወደ ከበድ ያለው፣ ከ100 በላይ የሆነ ፐርሰንት። ኤስኤቲ ይሄን ይወዳታል፣ አጭር ሆና ትመጣለች፣ ቀላል ትመስላለች፣ ጎበዝ ልጅም ትጥላለች። "የ60 150 ፐርሰንት" 90 ነው። "ከ60 በ150 ፐርሰንት የሚበልጥ" ግን 150 ነው፣ ራሱ 60 አለ፣ በላዩ ላይ 90 መጣበት። ማባዣው 2.5 ነው እንጂ 1.5 አይደለም። ዜና ላይ "በ200 ፐርሰንት ጨመረ" ሲሉ ትሰሚያለሽ፣ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ አንባቢው ግን ሁለት እጥፍ ብሎ ነው የሚይዘው፣ አንዳንዴ የጻፈውም ሰውዬ እንደዛው ይመስለኛል። "እጥፍ" የምትለው ቃል ራሷ አደገኛ ናት፣ "በሁለት እጥፍ ጨመረ" ሲልሽ ሁለት እጥፍ ሆነ ነው ወይስ ሁለት እጥፍ ተጨመረበት? ስለዚህ እዚህ ጋ አማርኛሽን አትመኚው፣ ቀጥታ ማባዣውን ጻፊ። ጨመረ ካለ 1 ላይ ደምሪ፣ ቀነሰ ካለ ከ1 ላይ ቀንሺ፣ "የ" ብቻ ካለ ምንም አትንኪ። በ320 ፐርሰንት ጨመረ፣ 4.2። በ7 ፐርሰንት ቀነሰ፣ 0.93። የዋይ 7 ፐርሰንት፣ 0.07። እንግሊዝኛው ላይ "ባይ" እና "ቱ" የሚሉትንም ለዪያቸው፣ በ እና ወደ ናቸው፣ በ30 ጨመረ ሌላ ወደ 30 ጨመረ ሌላ።

ማባዣ ከለመድሽ ሰንሰለት የሆኑት ጥያቄዎች ይቀሉሻል። ኤክስ የዋይ 140 ፐርሰንት ነው፣ ዋይ ከዚ በ25 ፐርሰንት ያንሳል፣ ኤክስ የዚ ስንት ፐርሰንት ነው? (ዚ የምለው ሦስተኛዋን ፊደል ነው።) 1.4 በ0.75፣ 1.05፣ መልሱ 105። በቃ። ግን ጥያቄው "ከዚ በስንት ፐርሰንት ይበልጣል" ካለ 5 ነው፣ የመጨረሻዋን መስመር ሁለቴ አንብቢ።

100 አስቀምጪ የሚለውን ዘዴ ቅድም ተጠቅሜበታለሁ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ ብዬ ነው፣ ጥሩ ነው ግን ሁለት ነገር ያዢ፣ 100 የምታስቀምጪው ለባለቤቱ ነው እንጂ መጀመሪያ ለተጠራው ፊደል አይደለም፣ ሰንሰለት ከሆነ ደግሞ "ከ" እየተከተልሽ መጨረሻ ላይ ለተቀመጠው፣ ከላይ ባለው ዚ 100፣ ዋይ 75፣ ኤክስ 105። ሁለተኛ ጥያቄው ውስጥ እንደ 63.60 ያለ እውነተኛ መጠን ካለ 100 እንደፈለግሽ ማስቀመጥ አትችዪም።

አንድ ዓይነት ጥያቄ አልላክሽም ግን ይመጣብሻል ብዬ ስለማስብ እሱን ልጨምርልሽ፣ ሁለት ቡድን ያለበት። ትምህርት ቤት 480 ተማሪ አለ፣ ከሴቶቹ 40 ፐርሰንቱ ከወንዶቹ 25 ፐርሰንቱ ክለብ ውስጥ ናቸው፣ በጠቅላላው ክለብ ውስጥ ያሉት 150 ናቸው፣ ሴቶቹ ስንት ናቸው? ብዙ ልጅ እዚህ 40 እና 25 ደምሮ 65 ይላል፣ ወይ ለሁለት ያካፍላል፣ እኔ ደግሞ እላቸዋለሁ የአበበን ብርና የከበደን ዶላር ደምራችሁ ስንት አገኛችሁ? ባለቤታቸው የተለያየ ፐርሰንት አይደመርም። ፐርሰንቱን መጀመሪያ ወደ ሰው ቀይሪው፣ ሴቶቹ ኤክስ ከሆኑ ወንዶቹ 480 ሲቀነስ ኤክስ፣ ስለዚህ 0.4 ኤክስ + 0.25(480 − ኤክስ) = 150። ቅንፉ ሲፈታ 0.4 ኤክስ + 120 − 0.25 ኤክስ = 150፣ 0.15 ኤክስ = 30፣ ኤክስ 200። አረጋግጪ፣ የ200 40 ፐርሰንት 80፣ የ280 25 ፐርሰንት 70፣ ድምሩ 150፣ ልክ ነው። ከዛ ተከታዩ ጥያቄ "ከክለቡ አባላት ስንት ፐርሰንቱ ሴቶች ናቸው" ቢልሽ 40 እንዳትዪ! "ከ" አሁን አባላቱ ላይ ነው ያለችው፣ 80 ለ150፣ ወደ 53.3።

የውህድ ጥያቄም (ጨው ውሃ ምናምን) ያው ነው፣ 30 ሊትር ባለ 10 ፐርሰንት ጨው ውሃ አለ፣ ባለ 40 ፐርሰንቱ ስንት ሊትር ቢጨመርበት 20 ፐርሰንት ይሆናል? የጨውን መጠን ብቻ ቁጠሪ፣ 3 + 0.4 ኤክስ = 0.2(30 + ኤክስ)፣ ኤክስ 15። ሰው የሚሳሳተው ቀኝ በኩል 0.2ን በ30 ብቻ ሲያባዛ ነው፣ የተጨመረውም እኮ ባልዲው ውስጥ ገብቷል።

ስለ ካልኩሌተር ጠይቀሽኛል። ፈተናው ውስጥ ዴስሞስ የሚባል ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር አለልሽ፣ በሁሉም የሂሳብ ጥያቄ ላይ መጠቀም ትችያለሽ፣ 0.8 × 1.06 ኤክስ = 63.6 ብለሽ እንዳለ ብትጽፊው ቀጥ ያለ መስመር ይስልልሻል፣ መስመሩ አግድሙን የሚነካበት ቁጥር መልስሽ ነው። "ጻፍኩት ግን ምንም አላሳየኝም" ያልሽው ችግር የለውም፣ ስትከፍቺው የሚያሳይሽ ከ10 አካባቢ አያልፍም፣ መልስሽ ደግሞ 75 ላይ ነው ያለው፣ የመቀነሻዋን ምልክት እየነካሽ አርቂው ብቅ ይላል። ብቻ ዴስሞስ እኩልታውን ይፈታልሻል እንጂ ባለቤቱን አይነግርሽም፣ የተሳሳተ እኩልታ ብታስገቢለት የተሳሳተውን በደንብ አሳምሮ ይፈታልሻል።

ሦስተኛዋ ጥያቄሽ "ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው" ያልሽባት ናት። አንድ ቁጥር በፒ ፐርሰንት ጨመረ፣ ከዛ የመጣው በፒ ፐርሰንት ቀነሰ፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር 91 ፐርሰንት ሆነ፣ ፒ ስንት ነው? ጨምሮ በዛው ከቀነሰ ይጣፋል ታዲያ 91 ከየት መጣ ብለሻል። አሁን ከላይ ያለውን ካነበብሽ በኋላ ለምን እንደማይጣፋ ታውቂያለሽ፣ ሲጨምር ከትንሹ ላይ ነው ሲቀንስ ከትልቁ ላይ ነው፣ ስለዚህ ሁሌ የሚቀነሰው ይበልጣል። ፒ ለ100 ሲካፈል ኬ እንበለው፣ (1 + ኬ)(1 − ኬ) = 0.91። ይቺን ቅርጽ ታውቂያታለሽ፣ የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ናት፣ 1 − ኬ ስኩዌር = 0.91፣ ኬ ስኩዌር 0.09፣ ኬ 0.3። ሞክሪው፣ 100 በ30 ፐርሰንት ጨምሮ 130፣ የ130 30 ፐርሰንት 39፣ ሲቀነስ 91።

ይቺ ጥያቄ ምርጫ የሌላት መልሱን ራስሽ የምትጽፊባት ዓይነት ከሆነች ደግሞ የምታስገቢው 30 ነው፣ 0.3 አይደለም፣ ፒ ፐርሰንት ብሎ ፐርሰንቱን ጥያቄው ውስጥ ጨርሶልሻል። የፐርሰንት ምልክቷንም አታስገቢ፣ ቁጥሩን ብቻ። አሁን የክለቡን ጥያቄ ወረቀት ላይ ራስሽ ስሪውና ጠቅላላውን ከ150 ወደ 138 ቀይረሽ ሞክሪው፣ 120 ሴት ከወጣልሽ ገብቶሻል፣ ካልወጣልሽ የሰራሽበትን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።